ዳንቴል የለበሰችው ሳጥን

አብነት ሰፈር ውስጥ የነጅማን ሥራ በትክክል የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ጎረቤቱ ሁሉ «ኮምፒውተር ነው የምትሠራው» ይላል። ይህን ቃል በቃል የወሰዱት ደግሞ የደከመ ሬዲዮ፣ ምስሉ የሚንቀጠቀጥ ቴሌቪዥን፣ አንድ ጊዜም የማያቀዘቅዝ ፍሪጅ አሸክመው መጥተውባታል። ፍሪጁን ሠራችው። ምኑ ነበር የተበላሸው? ምኑም፤ የሶኬቱ ሽቦ ላልቶ ነበር። ከዚያ ወዲያ ስሟ በሰፈሩ ናኘ፣ ሥራዋ ግን ጭራሽ ግራ የሚያጋባ ሆነ።

እውነተኛው ሥራዋ ልደታ፣ ከቤቷ በእግር የሚደረስበት አንድ ሕንፃ ላይ ነው። መሥሪያ ቤቷ ለመርካቶና ለተክለ ሃይማኖት ነጋዴዎች፣ ለየሰፈሩ ፋርማሲዎች የመጋዘን ፕሮግራም ያከራያል። አንድ ነጋዴ ስልኩን ከፍቶ «ስንት ካርቶን ሳሙና ቀረኝ?» ሲል፣ መልሱ የሚመጣው እነነጅማ ቢሮ ከሻይ ማፍያው አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል ከተደረደሩት ሦስት ሰርቨሮች ነው። የየነጋዴው ፕሮግራም ኮንቴይነር በሚሉት ነገር ውስጥ ለብቻው ታሽጎ ይቀመጣል፤ ሦስቱ ማሽኖች ደግሞ ሸክሙን ተጋግዘው ይይዙታል፣ አንዱ ሲወድቅ ሁለቱ ይቀበሉለታል። ይህን መረዳዳት ክላስተር ይሉታል። የነጅማ እናት ወይዘሮ ዙሃራ ይህ ሲብራራላቸው «እድር ነዋ! ምን ያካብዱታል?» ብለው አለፉት።

ወይዘሮ ዙሃራ የልጃቸውን ሥራ አይወዱትም ነበር፤ ለዚህም ምክንያት አላቸው። የታላቅ ልጃቸው የሶፊያ ሰርግ ዕለት፣ ሚዜዋ ነጅማ ቀሚሷን እየጎተተች ከእህቷ ኋላ ቆማ ሳለ ስልኳ ጮኸ። ከሰርቨሮቹ የአንዱ ዲስክ ሞቷል። መጠባበቂያ ቅጂ ነበረ፤ ነገር ግን ያስቀመጡት እዚያው ዲስክ ላይ ነበርና አብሮ አፈር ድሜ በላ። ነጅማ ሮጠች። በሚዜ ቀሚስ፣ በተሠራ ጸጉር፣ በሄና በተጌጠ እጅ ያቺ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ የጠፋውን መረጃ ከዚህም ከዚያም ስትለቅም ዋለች። ስትመለስ ሙሽራዋ ሄዳለች፣ ድንኳኑ ውስጥ ወንበር እየታጠፈ ነው። በትልቁ የቤተሰብ ፎቶ ላይ ከአባቷ ቀጥሎ አንድ ሰው የሚያህል ክፍተት አለ። ፎቶ አንሺው «ትደርሳለች» ተብሎ የተወው ነው። ያ ፎቶ ሳሎን ውስጥ ተሰቅሎ ነጅማን በየቀኑ ያያታል፤ እሷም ታየዋለች።

እንግዲህ የነጅማ እጮኛ ሙስአብ ሽማግሌ ልኮ፣ ነገሩ አምሮ፣ ሰርጉ ለጥር ሲቆረጥ ወይዘሮ ዙሃራ ስለ ጥሎሽም ስለ ቀሚስም አልተናገሩም። ጣታቸውን ቀስረው አንድ ነገር ብቻ አሉ።

«በሰርግሽ ቀን ያ ስልክ ቢጮህ ወላሂ ክትፎው ውስጥ ነው የምጨምረው!»

ነጅማም ከእናቷ ያላነሰ ፈርታ ነበር። አንድ ቀን፣ ሙሉውን ቀን፣ ከራሷ ሰርግ ላይ ሳትጎድል መዋል ፈለገች። ይህንኑ ለአለቃዋ ለበሱፍቃድ ነገረችው። በሱፍቃድ ደግ ሰው ነው፣ ግን በገዛ ጥላው የሚደነግጥ ዓይነት ነው።

«ስልክሽ ከተዘጋ እኔ ሰርግሽ ላይ የምመጣው በአምቡላንስ ነው» አላት።

«እንግዲያው እኔ ሳልኖር ወድቆ እኔ ሳልኖር የሚነሣ ነገር እንሥራ።»

ሥራው ተጀመረ። አብሯት እንዲሠራ የተመደበው ቤካ ነበር። ቤካ ፈጣን ነው፣ ቀልደኛ ነው፣ አራዳ ነው፤ ትንሽ የሚያስቸግረው ነገር መመሪያ እስከ መጨረሻው አለማንበቡ ነው። ሁለቱ ሆነው በመጀመሪያ ኦብጀክት ስቶሬጅ የሚባለውን ማከማቻ ቢሮ ውስጥ አቆሙ። ጠባዩ እንደ ጥሩ ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ያስረከቡትን ፋይል በስም ይረከባል፣ በስሙ ሲጠሩትም ያንኑ ሳይቀንስ ያስረክባል። ፋይሎቹ የሚገቡበትን መያዣ ፈረንጆቹ «ባኬት» ስላሉት ቤካ ያለ ምንም እፍረት «ባልዲ» ብሎ አወጣለት። ከዚያ ወዲያ ቢሮው በሙሉ «ባልዲው ሞላ?»፣ «ባልዲውን አየኸው?» መባባል ያዘ። አዲስ ደንበኛ ሲመጣ የጣሪያ ፍሳሽ ያለ ይመስለው ነበር።

ከዚያ ክላስተሩ ሌሊት ሌሊት ራሱን እንዲገለብጥ አደረጉ። ፕሮግራሙን፣ የነጋዴውን መረጃ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ የሚናገረውን ሥርዓት፣ ሁሉንም ጠቅልሎ፣ በምሥጢር ቁልፍ ቆልፎ ወደ ባልዲው ያወርዳል። ነጅማ ግን የሶፊያን ሰርግ አልረሳችም። ሁለተኛ ቅጂ ከዚህ ሕንፃ ውጭ ካላደረ ሥራው ገና ነው አለች። ውጭ አገር ቦታ ለመከራየት ዶላር ያስፈልጋል፤ ዶላር ለማግኘት ደግሞ ሰርጉ አልፎ የመጀመሪያ ልጇ አፉን ይፈታል። መሥሪያ ቤቱ ሌላ ቢሮ የለውም።

«እኛ ቤት ላስቀምጠው» አለች።

«ቤታችሁ? የሰው መረጃ?» በሱፍቃድ ክው አለ።

«ተቆልፎ ነው የሚሄደው። ቁልፉ አንተና ቤካ ጋ ነው። ሌባ ቢወስደው እንኳ የሚያገኘው ትርጉም የሌለው ፊደል ነው።»

በዚህ መንገድ አንዲት የቴምር ካርቶን የምታህል ጥቁር ሳጥን፣ ሁለት ትልልቅ ዲስኮች በሆዷ ይዛ፣ አብነት እነ ወይዘሮ ዙሃራ ሳሎን ገባች። ሶኬትና የኢንተርኔት ገመድ የሚቀርበው ቡፌው ስለነበር፣ ከብርጭቆዎቹ በታች በሩ የሌለው መደርደሪያ ላይ ተቀመጠች። ነጅማ እናቷን አስጠነቀቀች።

«እማዬ፣ ዓለም ቢገለበጥ ከሶኬት እንዳትነቅያት።»

«እኔ ምን አገባኝ!» አሉ ወይዘሮ ዙሃራ፤ ከንፈራቸውን ግን ነክሰው ሳጥኗን በትካዜ ያዩዋት ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ቅጂው መቆራረጥ ጀመረ። ይጀምራል፣ ይንቀራፈፋል፣ ይቆማል። ነጅማ ኢንተርኔቱን ጠረጠረች። መብራቱን ጠረጠረች። ፕሮግራሙን የጻፉትን ሰዎች ጠረጠረች። የቢሮውን ማከማቻ አፍርሳ እንደ አዲስ ሠራች፤ ምንም ለውጥ የለም። በመጨረሻ ቤካ የሳጥኗን ሙቀት ከሩቅ አንብቦ ፉጨት ለቀቀ።

«ጀለሴ፣ ይቺ ልጅ ወባ ይዟታል።»

ነጅማ በምሳ ሰዓት እየገሰገሰች ቤት ሄደች። በዚያ ቤት ራቁቱን የሚቀመጥ ዕቃ እንደሌለ እንዴት ረሳችው? ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አለው። ፍሪጁ ዳንቴል አለው። የሶፋው መደገፊያ ዳንቴል አለው። የዋይፋዩ መሣሪያ እንኳ በአንቴናዎቹ መካከል ክብ ዳንቴል ደፍቶ እንደ ሙሽራ ይቀመጣል። ሳጥኗም ተራዋ ደርሶ ከላይ እስከ ታች፣ በአራቱም ጎን፣ ወፍራም ነጭ ዳንቴል ለብሳ አገኘቻት። ጎኗ ላይ እጅ ሲያሳርፉበት ያቃጥላል።

«እማዬ! ይሄ ምንድነው?»

«ዳንቴል ነዋ። እንግዳ ገብቶ ያንን ጥቁር ነገር ሲያይ ምን ይላል?»

«እሷ እኮ ትተነፍሳለች! በዚህ በጎኗ ነው የምትተነፍሰው!»

ወይዘሮ ዙሃራ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ውይ በሞትኩት! እስከ ዛሬ አፍኛት ነው እንዴ?»

ነጅማ ዳንቴሉን አውልቃ ልትሄድ ስትል እናቷ «አይሆንም» አሉ። ክርክሩ ረጅም ነበር። በስተመጨረሻ የተስማሙት ጎኗንና ጀርባዋን በማይነካ፣ አናቷን ብቻ በሚሸፍን ዳንቴል ነው። ወይዘሮ ዙሃራ ያን ምሽት ኪሮሻቸውን አነሡ፤ ቀዳዳው ሰፋፊ፣ ጠርዙ አጭር፣ ለትንፋሽ የሚመች አድርገው ሠሩላት። ሙቀቱ ወረደ፣ ቅጂውም መፍሰስ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ነጅማ ጠዋት ስትነሣ እናቷ አልፎ አልፎ «እንዴት አደረች?» እያሉ መጠየቅ ለመዱ። ያቺን «እንዴት አደረች» ነጅማ ወደደቻት።

የቀረው ትልቁ ነገር ነበር። ቅጂ ማስቀመጥ አንድ ነገር ነው፣ ከቅጂው ሥራን መልሶ ማስነሣት ሌላ ነው። ነጅማ የመለማመጃ ክላስተር አዘጋጅታ ሆን ብላ አፈረሰችውና ቤካን «አንሣው» አለችው። እሷ ሁለት እጇን ከጭኗ በታች አድርጋ ተቀመጠችባቸው። እንዲህ ካላደረገች ጣቶቿ ኪቦርዱን እንደሚነጥቁት ታውቃለች። ቤካ በመጀመሪያው ሙከራ ፕሮግራሞቹን አስነሣና ፈነጠዘ። ሲከፈቱ ግን መጋዘኑ ሁሉ ባዶ ነው፤ የመመሪያውን መጨረሻ ስላላነበበ መረጃውን መመለስ ዘንግቶታል።

«ሱቁ ተከፍቷል፣ ዕቃው የለም» አለች ነጅማ፣ እጇ ላይ እንደተቀመጠች።

ደግሞ አፈረሰችው፣ ደግሞ አነሣው። ቆየት ብሎ ከቤት ሳጥኗ ማስነሣትን ተለማመዱ። የቤቱ ኢንተርኔት ያን ሁሉ መረጃ ወደ ቢሮ መልሶ ለመላክ እንደማይችል ሲያዩ፣ ቤካ ራሱ አብነት መጥቶ፣ ሳጥኗን አቅፎ በእግሩ ወደ ልደታ ይዟት ሄደ። ወይዘሮ ዙሃራ በር ድረስ ሸኙት። «አደራህን፣ እንዳትጥላት» አሉት፤ ዳንቴሉን ግን አልሰጡትም። ሲመልሳት ሻይ አፈሉለት፣ ሳጥኗንም መልሰው አለበሷት።

የሰርጉ ዋዜማ ደረሰ። ነጅማ ለሄና አክስቷ ቤት ከመሄዷ በፊት ስልኳን ዘግታ ለእናቷ አስረከበች። ወይዘሮ ዙሃራ ቃላቸውን ጠበቁ፤ ክትፎው ውስጥ አይሁን እንጂ በባዶ ድስት ውስጥ አድርገው፣ ክዳን ገጥመው፣ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀሉት። ከዚያ ቤቱ ተራቆተ። አብነት ሰርግ ሲኖር የቤቱ ዕቃ በየጎረቤቱ ይበተናል። ሶፋው አንዱ ጋ፣ አልጋው ሌላው ጋ ይሄዳል። ቡፌው ከነሳጥኗ የሄደው አጥር ለአጥር ወደሚዋሰኗቸው ወደ እትዬ የሻረግ ቤት ነበር። እትዬ የሻረግ ከወይዘሮ ዙሃራ ጋር አብረው ወልደው አብረው ያሳደጉ ናቸው። ለክርስቲያን እንግዶች የሚቀርበው ሥጋም በእሳቸው ግቢ ታርዶ በእሳቸው እጅ ነው የሚሠራው። ነጅማ ይህን ሁሉ አላየችም።

እሑድ ኒካሑ ታስሮ፣ ሙሽሮቹ ድንኳን ውስጥ መድረኩ ላይ ተቀመጡ። ነጅማ ደስ ብሏታል። ሙስአብ በአዲሱ ሱፉ ውስጥ እየተቁነጠነጠ በየደቂቃው «ከረባቴ ደህና ነው?» ይላታል። ከመድረኩ ፊት ለፊት የቢሮ ጓደኞቿ ጠረጴዛ አለ፤ ቤካ ሳቁ እስከ መድረኩ ይሰማል። ምሳው ሊነሣ ሲል በሱፍቃድ ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገ። ፊቱ አመድ መሰለ። ቤካ ተነሥቶ ወጣ።

የነጅማ እጅ ሳታዘው ወገቧን ዳሰሰ። ኪስ የለም፣ ስልክ የለም፣ ያለው ዶቃ ብቻ ነው።

«ምን ሆንሽ?» አላት ሙስአብ።

«ምንም።»

በሱፍቃድ ሊመርቃት ወደ መድረኩ ሲመጣ ያዘችው። «ቤካ የት ሄደ?»

«የክርስቲያኑ ምግብ እትዬ የሻረግ ጋ ነው ሲሉት ሄደ» አለ በሱፍቃድ፤ ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ ፈገግ ብሎ።

«አንተስ አትሄድም?»

«እኔ ጠግቤያለሁ!» አለ፤ እስካሁን የያዘው ሳህን ግን ምንም ያልነካው ንጹሕ ሳህን ነበር።

ቆየት ብሎ ቤካ ተመለሰ። ኮቱን አውልቋል፣ ግንባሩ በላብ ወርዝቷል። በቀጥታ ወደ ወይዘሮ ዙሃራ ሄዶ ጎንበስ ብሎ በጆሯቸው አንድ ነገር ነገራቸው። እናቷ ቀና ብለው ወደ መድረኩ፣ ወደ ነጅማ አዩ። የሶፊያ ሰርግ፣ ያ ፎቶ፣ ያ ክፍተት በዓይኗ መጣ። አሁን ብትነሣ ልደታ ቅርብ ናት። ወይዘሮ ዙሃራ ግን በድንገት እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እልልታቸውን ለቀቁት፤ ድንኳኑ ተቀበላቸው፣ ከበሮው ደመቀ። በዚያ ግርግር መካከል እናቷና ቤካ ወጡ።

ነጅማ ምን እንደተፈጠረ ባታውቅም የሆነ ነገር እንደወደቀ አውቃለች። ሙሽራ ናትና እጇ ላይ መቀመጥ አትችልም። ሁለቱን እጆቿን አጣምራ ጭኗ ላይ አሳረፈቻቸው። «ቤካ ያውቀዋል» አለች በሆዷ። «ሲያነሣው አይቻለሁ።» ጣቶቿ ግን እርስ በርስ ተጨባብጠው ነበር።

በድንኳኑ ቀዳዳ በኩል እናቷ ወርቀ ዘቦ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ በነጭ ነገር የተሸፈነ ዕቃ በሁለት እጅ ይዘው ሲያልፉ አየቻቸው። የጣፋጭ ትሪ መሰላት።

«ፎቶ! የቤተሰብ ፎቶ!» አለ ፎቶ አንሺው።

ሁሉም ተሰለፈ። ወይዘሮ ዙሃራ የሉም። ፎቶ አንሺው ቸኩሏል፤ ብርሃኑ ሳይሄድ ነው የሚለው።

«ቦታ እንተውላቸዋ» አለ።

«አይሆንም!» አለች ነጅማ። ሙሽራ እንዲህ ይጮሃል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። «ሳትመጣ አንድም ፎቶ አይነሣም።»

ጠበቁ። ወይዘሮ ዙሃራ እያለከለኩና እየሳቁ ሮጠው ደረሱ፤ ሻሻቸው ወደ ኋላ ተንሸራቷል። ነጅማ አጠገብ ገብተው ቆሙ። ፎቶው ተነሣ።

መልስ የተጠራው በሳምንቱ ነበር። ሙሽሮቹ አብነት ሲመለሱ ቡፌው ቦታው ገብቷል፣ ስልኩም ከድስት ወጥቶ ለነጅማ ተሰጥቷታል። ሶፊያ ፎቶ አንሺው የላከውን ፎቶ በስልኳ አሳየቻት። ነጅማ በጣቶቿ አስፍታ አንድ በአንድ አየች። አባቷ አሉ። ሶፊያ አለች። ሙስአብ ከረባቱ ጠሞ አለ። እሷ አለች። ክፍተት የለም። እናቷ ግን በቀኝ እጃቸው አንድ ነጭ ነገር ጨምድደው ይዘዋል።

«እማዬ፣ ይሄ ምንድነው?»

«የቱ?» አሉ ወይዘሮ ዙሃራ፣ ወደ ቡና ስኒዎቹ ዞር ብለው።

ነጅማ ከሶፋው ተነሥታ ቡፌው ጋ ሄደች። ከብርጭቆዎቹ በታች ሳጥኗ የለችም። ዳንቴሉ ብቻ በአራት ታጥፎ ቦታዋን ይጠብቃል። ለመልሱ አብረው የተቀመጡት እትዬ የሻረግ ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻሉም።

«ዙሃራ፣ ንገሪያት እንጂ! እኔ እኮ ሳምንቱን ሙሉ አፌን ይዤ ልፈነዳ ነው!»

ተነገረ። ያን ዕለት ልደታ መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ በርትቶ ሁለቱን ሰርቨሮች አቃጥሏል፤ የቢሮውም ባልዲ አብሮ ሄዷል። የሕንፃው ዘበኛ የመቃጠል ሽታ ሸትቶት በሱፍቃድ ጋ ደወለ። ቤካ ሮጦ ሲያይ የተረፈው አንድ ማሽን ብቻ ነው። ሳጥኗን ፍለጋ ቢመለስ ቡፌው ቤት ውስጥ የለም። እናትየው ስልክ እንደሚጠሉ ያውቃልና እየፈራ ቀረባቸው።

«ምን አለሽ?» አለች ነጅማ።

«"እትዬ፣ ሥራው ወድቋል" አለኝ። "ነጅማን ትፈልጋላችሁ?" አልኩት። "አይ፣ ሳጥኗን ብቻ" አለኝ። ተከተለኝ አልኩት።»

«በዚያ ቀሚስ!» አሉ እትዬ የሻረግ። «በድስቶቼ መካከል በዚያ ወርቀ ዘቦ ቀሚስ ገብታ፣ ጎንበስ ብላ፣ ራሷ ነቅላ አነሣቻት። እኔ ላግዝሽ ብላት "ተዪኝ፣ ያለበሰ ያውቃል" አለችኝ። ቅዳሜ ማታም እኔ ጋ አምሽታ ነበር፤ "ይቺ ካለ መብራትና ካለ ገመዷ አታድርም" ብላ የድንኳኑን መብራት የሚዘረጋውን ሰውዬ የኢንተርኔቱን ገመድ በአጥር አናት አሻግሮ እኔ ቤት እንዲያስገባ አደረገችው።»

ገመዱ ባይሻገር ኖሮ የቅዳሜ ሌሊቱ ቅጂ አይኖርም ነበር። ቤካ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ሌሊቱን ሙሉ አንድ በቀረው ማሽን ላይ መረጃውን መልሶ፣ ሰኞ ጠዋት ነጋዴው ስልኩን ሲከፍት ሳሙናው ካርቶን በካርቶን ቁጭ ብሎ ጠበቀው። ማንም ደንበኛ ምንም አላወቀም። ሳጥኗ አዲስ ሰርቨር እስኪገባ ቢሮ ናት።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«በሶፊያ ሰርግ የጎደልሽው ይበቃል» አሉ ወይዘሮ ዙሃራ። «ሳጥኗ ትሂድ። አንቺ ግን የትም አትሄጂም።»

ነጅማ አለቀሰች፤ ከዚያ ሳቀች፤ ከዚያ ሁለቱንም አንድ ላይ አደረገቻቸው። ሙስአብ የትኛውን ማባበል እንዳለበት ግራ ገብቶት መሐረብ ይዞ ቆመ።

«ዳንቴሉን ለምን አልሰጠሽውም?»

«ቢሮ ሄዶ ይጠፋብኛላ! ወንድ ልጅ ዳንቴል ይይዛል?»

ፎቶው በትልቁ ታትሞ ሳሎን ውስጥ ከሶፊያ ፎቶ ጎን ተሰቀለ። ሳጥኗም ቆይታ ተመለሰች፣ አናቷንም ተሸፈነች። ወደዚያ ቤት የሚገባ እንግዳ ሁሉ ፎቶውን አይቶ እናትየዋ በእጃቸው የያዙት ምን እንደሆነ ይጠይቃል። ወይዘሮ ዙሃራ አንገታቸውን ቀና አድርገው ይመልሱለታል።

«የልጄን ሥራ።»